አለቃ ገብረ ሐናና ያልተጻፈው ትያትር

አስቀድሞ የተጻፈ ቃል ሳይኖር፣ ተዋናዮቹ ከተመልካች አንድ አሳብ ተቀብለው እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ትያትር በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ወዳጆች አሉት። ይህን ዓይነት ትያትር የሚሞክር ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ከአንድ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል። ይኸውም በየቤቱ በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የማይነሣውን፣ ነውር ነው ተብሎ የተሸፈነውን ነገር፣ ባለጉዳዩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ እንዴት አድርጎ መናገር እንደሚቻል ነው። ጥያቄው ከባሕር ማዶ በመጽሐፍ ተጭኖ የመጣ የሚመስላቸው ጓደኞች አሉን። ዳሩ ግን ከይፋግ ገበያ የአንድ ቀን የእግር መንገድ በማይሞላ ስፍራ የተወለዱ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ መድረክና መጋረጃ ሳይኖራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ኖረው አልፈዋል። እኒህ ሰው አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። ቀልዳቸውን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ሕይወታቸውን የሚያውቅም እንዲሁ ጥቂት ነው።

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የምትገኝ፣ በጥንት ጊዜ ከጎንደርና ከጎጃም የሚመላለሱ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ከይፋግ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ሜዳው ከጥንት ጀምሮ በከብቱ፣ ዛሬ ደግሞ በሩዝ እርሻው የታወቀ ነው፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ውሃው ሜዳውን ያለብሰዋል። አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በዚሁ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው አጥቢያ ተወለዱ። አባታቸው ደስታ ተገኝ ይባሉ ነበር።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር የሚቀመጡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እውነተኛው ሥልጣን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉት በየጁ ራሶች እጅ ነበር። ስለዚህ ብላቴናው ገብረ ሐና ከልጅነታቸው ጀምሮ በስምና በእውነት መካከል ያለውን ርቀት እያዩ አደጉ ማለት ይቻላል። ንጉሥ የሚባለው አይነግሥም፤ የሚነግሠውም ንጉሥ አይባልም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ በአደባባይ ግን አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም። ሰው ሁሉ እያወቀ የማይናገረው ነገር በበዛበት አገር ደግሞ ቀልድ እንደ አደይ አበባ ሳይዘሩት ይበቅላል።

ፊደልና ዳዊት ከቈጠሩ በኋላ፣ እንደ ዘመኑ ተማሪ ሁሉ አገራቸውን ለቀው ጎጃም ተሻገሩና ቅኔ ተማሩ። ስለ ቅኔ ቤት እዚህ ላይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የአለቃ የጨዋታቸው ሁሉ ምንጭ ይህ ነውና። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ስላጠና ብቻ ዐዋቂ አይባልም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ራሱ አዲስ ቅኔ እየቈጠረ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያሰማል። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚቀርበውም ቅኔ ለዚያው ቀን የተፈጠረ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ያሳፍራል። በዚህ ላይ ቃሉ ሁለት ነው፤ ከላይ ሰሙ፣ ከሥር ወርቁ አለ። ሰሙን የማያስተካክል ወርቁን አያገኝም። እንግዲህ ይህ ተማሪ በብርቱ ሕግ ታስሮ፣ በሰው ፊት ቆሞ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር መፍጠርን ለዓመታት ይለማመዳል። ያለ ጽሑፍ ለሚሠራ ትያትር ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የት ይገኛል?

ከጎጃም ተመልሰው በጎንደር በአታ ለማርያም ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በኋላም በዚያው በበአታ መምህር ሆኑ። በቅኔና በአቋቋም ብቻ ሳይሆን በፍትሐ ነገሥት ዐዋቂነታቸውም ስማቸው ተጠራ። ብዙ ሰው አለቃ ገብረ ሐናን ከጠላ ቤት ጠላ ቤት የሚዞሩ ሥራ ፈት አድርጎ ይስላቸዋል። ይህ ሥዕል ከእውነቱ የራቀ ነው። እሳቸው ተማሪ የከበባቸው፣ የሕግ መጽሐፍ ሲተረጉሙ የሚውሉ ሊቅ ነበሩ። ቀልዳቸው ይፈራ የነበረውም ከዕውቀት የመጣ በመሆኑ ነው። አላዋቂ ሲሳደብ ስድቡ በአላዋቂነቱ ይታለፋል፤ ሊቅ ሲቀልድ ግን ቀልዱ እንደ ፍርድ ይቈጠራል።

በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊ በአይሻል ጦርነት ድል ሆኑ፤ በ1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ዘመነ መሳፍንት አበቃ፤ የስሙና የእውነቱ ርቀት የጠበበ መሰለ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት አገር አንድ ለማድረግ የቸኰሉ፣ ቀልድ የማይመቻቸው ሰው ነበሩ። ከካህናቱም ጋር በቤተ ክርስቲያን መሬትና በአገልጋዮች ብዛት ምክንያት ተጣሉ። በቃል ሲወርድ እንደመጣው ታሪክ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ የአለቃ ገብረ ሐናን የሕግ ዕውቀት አክብረው ፍርዳቸውን ይወዱ ነበር፤ ምላሳቸውን ግን አልወደዱላቸውም። ፌዙን ትተው በፍርዱ ብቻ እንዲጸኑ መከሯቸው ይባላል። ምክሩ መልካም ምክር ነበር፤ ነገር ግን የአለቃ ፍርድና የአለቃ ቀልድ ከአንድ ራስ የሚወጡ በመሆናቸው አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለም። ነገሩ በመለያየት አለቀ፤ አለቃ ገብረ ሐናም ከቤተ መንግሥት ርቀው ወደ ጣና ገዳማት ገቡ። በ1859 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጎንደርን ሲዘርፍና አብያተ ክርስቲያናቷን ሲያቃጥል፣ በዚያች ከተማ በሊቅ ፌዝና በንጉሥ ቍጣ መካከል ይጫወቱበት የነበረው ጠባብ ስፍራ ጨርሶ ጠፋ።

ወደ ጣና መሸሻቸው ግን ያለ ፍሬ አልቀረም። በሐይቁ ዳር ተቀምጠው ማዕበሉ ሲመጣና ሲመለስ፣ ደንገሉም በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ እየተመለከቱ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ይባላል። መቋሚያውና የሰውነቱ እንቅስቃሴ ከውሃው ጋር የሚሄድ፣ እንደ ማዕበል ጐንበስ ቀና የሚል ነው። ይህ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማይነካውን መንካት ነበር። ቀልድ ቢሆን ተስቆ ይታለፋል፤ የአባቶችን ሥርዐተ ማሕሌት መለወጥ ግን ያስወግዛል። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ለመቀበል አሻፈረኝ አሉ። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ለሌሎች አስተማረው። ስልቱ እስከ ዛሬ በአባትየው ስም ሳይሆን በልጁ ስም የተክሌ አቋቋም ተብሎ ይጠራል፤ ዋናው ማስመስከሪያውም ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው። በየዓመቱ በጥምቀትና በሌሎች በዓላት ካህናቱ ሲያሸበሽቡ የምናየው እንቅስቃሴ አንድ ጊዜ የተከለከለ ነገር እንደ ነበረ ብዙዎቻችን አናስብም።

ዐፄ ምኒልክ ከነገሡ በኋላ አለቃ ገብረ ሐና ወደ ሸዋ ወርደው በአዲሱ ቤተ መንግሥት አካባቢ ታወቁ። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የቤጌምድርና የስሜን ትውልድ የነበራቸው፣ ትምህርት የሚወዱ እመቤት ስለ ነበሩ፣ ለአገራቸው ሊቅ ፊት ሰጡ። ሆኖም በአለቃና በእቴጌይቱ መካከል ስለ ነበረው ጨዋታ የሚነገረው ሁሉ የፍቅርና የቍጣ ቅይጥ ነው። ከብዙዎቹ አንዱን እናንሣ። አንድ ቀን በተናገሩት ነገር ንጉሠ ነገሥቱ ተቈጥተው ሁለተኛ ፊታቸውን እንዳያሳዩዋቸው አዘዙ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና አለቃ አከበሩ። ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር በሌላ ቀን ተገኙና ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ። ፊታቸው አልታየም፤ ሕጉ አልተጣሰም። ንጉሡም ስቀው ማሯቸው ይባላል። እንዲህ ያለው ተረት በሌላ አገር ቀልደኞችም ስም ይነገራል፤ ቱርኮች ስለ ናስረዲን ሆጃ የሚያወሩትን የሰማ ሰው ዝምድናውን ያውቀዋል። ለእኛ ቁም ነገሩ ይህ በእርግጥ ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለው አይደለም። የፍትሐ ነገሥት ሊቅ የትእዛዝን ቃል ከትእዛዝ ፈቃድ ለይቶ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በጀርባው ብቻ ትያትር እንደሚሠራ ማሳየቱ ነው።

ሁለተኛው ተረት ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ተራ ቤት ይገባል። አለቃ ለምሳ ተጠርተው ይሄዳሉ። መሶቡ ሲከፈት ከውስጡ አይጥ ዘላ ትወጣለች። የቤቲቱ እመቤት በኀፍረት ትሞታለች፤ እንግዶቹም አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። በድህነትና በንጽሕና ነገር መናገር በእኛ አገር ትልቅ ነውር ነውና። ከማዕዱ በኋላ አለቃ እንዲመርቁ ሲጠየቁ፣ እንጀራ ከዚህ መሶብ እንዳይታጣ የሚለውን የተለመደ ምርቃት መረቁ። ነገር ግን ምርቃቱን ያሳሰሩት አይጥፋ በሚለው ቃል ነበር። የዚህን ቃል የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ለይቶ ያነበበ ሰው አይጧን ከመሶቡ ውስጥ ቁጭ ብላ ያገኛታል።

ይህችን ትንሽ ጨዋታ ደግመን ደጋግመን ብንመረምራት አይሰለቸንም። አለቃ ዝም ቢሉ ኖሮ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠው ኀፍረት እንደ ተቀመጠ በቀረ ነበር። በግልጽ ቢናገሩት ደግሞ እመቤቲቱን በእንግዳ ፊት በገደሏት ነበር። እሳቸው ግን ሁሉም ያየውን ተናገሩት፤ ለእመቤቲቱም አሜን የምትልበት በር ተዉላት። ሰሙን ለያዘ ምርቃት ነው፤ ወርቁን ላገኘ ቀልድ ነው። እመቤቲቱ ከፈለገች ከእንግዶቿ ጋር ትስቃለች፤ ካልፈለገችም አሜን ብላ መሶቧን ታነሣለች። ሰምና ወርቅ ተናጋሪውን ከንጉሥ ቍጣ መሸሸጊያ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እንደኛ አስተያየት ግን ለሚነገርበትም ሰው መሸሸጊያ ነው።

ሆኖም አለቃን ቅዱስ አድርገን ለማቅረብ አንፈልግም። በስማቸው የሚነገሩት ቀልዶች ሁሉ እንደ አይጧ ቀልድ ርኅራኄ ያላቸው አይደሉም። ብዙዎቹ በሴቶች፣ በገረዶች፣ በባላገርና አካሉ በጐደለ ሰው ላይ የሚሳለቁ ናቸው። ስለ አልጋ ጉዳይ የሚነገሩት፣ በጠላ ቤት እንጂ በዚህ መጽሔት ሊጻፉ የማይችሉት፣ ብዙውን ጊዜ ወንዱን አስቀው ሴቲቱን ያሳፍራሉ። እርግጥ ነው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ በተረቶቹ ውስጥ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም፤ አንዳንድ ጊዜ አለቃን በራሳቸው ስልት ይረቷቸዋል። ይህ ነገሩን ያሻሽለዋል፤ ጨርሶ ግን አያነጻውም። በንጉሥ ፊት ጀርባን አዙሮ መቆም ድፍረት ነው፤ መልስ መስጠት በማትችል ገረድ ላይ ማሾፍ ግን ድፍረት አይባልም። ሁለቱም ያስቃሉ። ሳቅ ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

አለቃ ገብረ ሐና በ1898 ዓ.ም. በሰማንያ አራት ዓመታቸው እንዳረፉ ይነገራል። ከዘመነ መሳፍንት ተነሥተው ቴዎድሮስን፣ ዮሐንስንና ምኒልክን አይተው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን ያጠፋውን የክፉ ቀን ረኃብና በ1888 ዓ.ም. የተገኘውን የዓድዋን ድል አሳልፈው ነው የሞቱት። ከሞቱ በኋላ ግን ከቀድሞው ይልቅ ሥራ በዛባቸው። በአደባባይ ሊናገረው የማይደፍረው ነገር ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን ብሎ መጀመር ልማዱ ሆነ። ቄሱን መንካት የፈራ፣ ሹሙን መንካት የፈራ፣ ስለ መኝታ ቤት ማውራት ያፈረ ሁሉ በእሳቸው ስም ይናገራል። ተራኪው የአለቃን ድምፅ ያወጣል፤ ቀጥሎ የንጉሡን፣ ቀጥሎም የእመቤቲቱን፤ እንደ አድማጩ ሁኔታ አንዱን ያስረዝማል፣ ሌላውን ያሳጥራል። ቃሉ አልተጻፈም፤ መድረኩ የጠላ ቤት መደብ ወይም የመንገድ ዳር ጥላ ነው። አንድ ሰው ሞቶ ገጸ ባሕርይ ሆነ። በኋላ በመጽሐፍ የታተሙት ቀልዶች የዚህ ረጅም ጨዋታ ቅንጣት ናቸው።

ከዚህ ጋር ከተጻፈው ትያትር ታሪክ አንዲት ነገር እናነጻጽር። በ1910ዎቹ መጀመሪያ በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት፣ የአውሬዎችን ኮሜዲያ፣ ጽፈው በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ። የዘመኑን አስተዳደር ጉድለት በአውሬዎች ተረት ሸፍነው ቢያቀርቡትም ነገሩ ታወቀና በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱ ታገደ፤ ትያትርም ለብዙ ዓመታት ተቋረጠ። በእንግሊዝ አገርም እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ ማንኛውም ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ ለቤተ መንግሥቱ ሹም ለሎርድ ቻምበርሊን ቀርቦ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ትያትር የሚመረመር ጽሑፍ ስለሌለው ፈቃድ ማግኘት አይችልም ነበር። ከዚህ የምንማረው የተጻፈ ቃል እጅና እግር ስላለው እንደሚያዝ፣ ያልተጻፈ ግን አስቀድሞ እንደማይያዝ ነው። የአለቃን ቃል ማንም አስቀድሞ ሊመረምረው አልቻለም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ከአንድ ደቂቃ በፊት አያውቁትም ነበር። ዳሩ ግን ወረቀቱ በሌለበት የሚያዘው ሰውየው ነው። ባልተጻፈ ትያትር ውስጥ ደራሲውም፣ ተዋናዩም፣ ተከሳሹም አንድ ሰው ነው።

እኛ ተማሪዎች ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በደቡብ ጎንደር ደጋና ቆላ ዛሬም በአደባባይ የማይነሡ ብዙ ነገሮች አሉ። ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትዳር ቢከለክልም፣ ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳርን እያወቀ ሰርግ የሚበላ ሰው አለ። ደም መመለስ የወንድነት ነገር ነው ተብሎ ትውልድ ለትውልድ ሲተላለፍ ሽማግሌ ያዝናል እንጂ በግልጽ አያወግዝም። ወልዳ በሕመም የተጐዳች ሴት ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች። በእነዚህ ላይ ያለ ጽሑፍ ትያትር ለመሥራት የሚያስቡ ጓደኞች አሉን፤ አሳባቸውንም እንደግፋለን። ሆኖም ከአለቃ ሕይወት ሦስት ነገር ይዘው እንዲነሡ እንወዳለን።

አንደኛው ትምህርት ነው። አለቃ በድንገት ይናገሩ የነበረው ለዓመታት ስለ ተማሩ ነው። ስለ ደም መመለስ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው የዕርቁን ሥርዐት፣ የሽማግሌውን ቃል፣ የገዳይንና የሟችን ቤተ ሰብ ኑሮ ጠይቆ ካላወቀ፣ በድንገት ከአፉ የሚወጣው የሰማው ወሬ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚነካውን ሰው መምረጥ ነው። ተመልካች ቶሎ የሚስቀው በደካማው ላይ ነው፤ ድንገተኛ ትያትር ደግሞ ሳቅ ወደ ሰማበት ይሮጣል። ያለ ዕድሜዋ የተዳረችውን ልጅ አስመስሎ ማሳቅ ቀላል ነው። ዳሪውን አባት፣ ሽማግሌ ሆኖ የላከውን፣ ሰርጉን የበላውን ጎረቤት፣ ከእነዚህም ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠውን መንካት ከባድ ነው። ከባዱን መምረጥ ይገባናል።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ አሜን የሚባልበትን በር መተው ነው። በይፋግ ወይም በናበጋ ትያትር የሚያይ ሽማግሌ ነገ ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ የሚያርስ፣ አብሮ የሚቀብር ሰው ነው። በሰው ፊት ጥፋተኛ ብለን ብናቆመው ራሱን ለመከላከል ጥፋቱን አጥብቆ ይይዛል፤ እኛም ወደ ዩኒቨርሲቲያችን እንመለሳለን፤ ልጂቱ ግን እዚያው ትቀራለች። ነገሩን ሳንደብቅ ብንናገርና እሱ ደግሞ ሳይዋረድ የሚመለስበት መንገድ ብንተውለት ግን፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ወርቁን ለብቻው ሊያገኘው ይችላል። ይህን ማድረግ የሚችል ትያትር ሳንጽፍ ብንሠራ የናበጋው ሊቅ ተማሪዎች ነን ለማለት ያበቃናል ብለን እናምናለን።